ሳሎን የገባው ሲኒማ፦ ከቪዲዮ ቤት እስከ ፍላሽ

ሆሳዕና፣ ዱራሜ፣ ሾኔ ወይም ሺንሺቾ ውስጥ አንድ ሳሎን ቢገባ፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር የምትቀመጠው የዲሽ ሪሲቨር ፊቷ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አላት። ፍላሽ የሚሰካው እዚያ ነው። ዲሹ ሲግናል ቢያጣም ፊልሙ አይቋረጥም፤ ኢንተርኔትም አይጠይቅም። የእነዚህ ከተሞች ሲኒማ ያለው በዚህች ቀዳዳ ውስጥ ነው። እዚህ የደረሰበት መንገድ ግን ረጅም ነው፤ በመንገዱ ላይ ተጥሎ የቀረ ንብረትም አለ።

ሲኒማ ኢትዮጵያ የገባው ገና በማለዳ ነው። የአዲስ አበባ ሰው የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎ የሰየመው፣ ግድግዳ ላይ የሚሮጥ ጥላ የአጋንንት ሥራ መስሎት ነበር። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። በቀለም ማሰራጨት የጀመረው ደግሞ ከ20 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል ሰሞን ነው። ሲኒማ ቤቱም ስቱዲዮውም የሸገርና የጥቂት ትልልቅ ከተሞች ዕድል ሆኖ ቆየ። በሀዲያና በከምባታ ላሉ ከተሞች ፊልም የደረሰው በካሴት ነው።

የጃፓኑ ጄቪሲ ኩባንያ ቪኤችኤስ የተባለውን ካሴት ለገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1976 ነበር። በኢትዮጵያ ዴክ ያለው ሰው ለረጅም ጊዜ በጣት የሚቆጠር ሆነ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ንግዱ ሲላላ ግን በየከተማው ቪዲዮ ቤት በዛ። አንድ ጨለማ ክፍል፣ ጥቂት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፣ በር ላይ ሳንቲም የሚሰበስብ ልጅ፤ ከዚህ ሌላ የሚያስፈልግ ነገር አልነበረም። የህንድ ፊልም የሚያለቅሰውን፣ የካራቴ ፊልም የሚራገጠውን አፈራ። ወላጅና መምህር ቪዲዮ ቤትን የተማሪ ጠላት አድርገው ቆጠሩት፤ ከትምህርት ቤት ጠፍቶ እዚያ የሚገኝ ልጅ ስለነበር ያለ ምክንያት አልነበረም። ይሁን እንጂ የቪዲዮ ቤቱ ትርጉም ሌላ ነው። አንድ ቤተሰብ ሊገዛው የማይችለውን ዕቃ መቶ ሰው በሳንቲም እየተጋራ ተጠቀመበት።

ይህን ያፈረሰው ፖሊስ ወይም ቀበሌ ሳይሆን ሒሳብ ነው። ያልተጨመቀ ተንቀሳቃሽ ምስል ቦታው አይቻልም። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ መሐንዲሶች በተከታታይ ምስሎች መካከል የተለወጠውን ብቻ መዝግቦ ያልተለወጠውን የሚተው የማመቂያ ዘዴ አስፋፉ። በዚህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1993 የመጣው ቪሲዲ በአንድ ተራ ሲዲ ላይ 74 ደቂቃ ያህል ፊልም ያዘ። ረጅሙ የህንድ ፊልም በሁለትና በሦስት ሲዲ ተከፋፍሎ የሚመጣው፣ ልክ ጠቡ ሲጦፍ «ሲዲ ቀይር» የሚባለው ለዚህ ነበር። ቀጥሎ የመጣው ዲቪዲ 4.7 ጂቢ ያዘ። ከዚያም ዲቪኤክስና ኤክስቪድ የተባሉት ማመቂያዎች ሙሉውን የዲቪዲ ፊልም ወደ 700 ሜጋባይት አወረዱት። ፊልም ከሲዲው የተፋታው ያኔ ነው፤ ፋይል ሆነ። ፋይል ደግሞ ቢቀዱት አያልቅም፣ ቢቀዱትም አይደበዝዝም።

በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ2002፣ ማይክሮሶፍት ለሳሎን ተብሎ የተሠራ የዊንዶውስ ዓይነት አወጣ። ኮምፒውተሩ ከጠረጴዛ ተነሥቶ ከቴሌቪዥን ሥር እንዲቀመጥ፣ በሪሞት እንዲታዘዝ፣ ፊልሙንም ሙዚቃውንም ፎቶውንም ከአንድ ሳጥን እንዲያጫውት ታስቦ ነበር። አውሮፓና አሜሪካ ያለው የዕቃ አፍቃሪ ድምፅ የማያሰማ ማራገቢያ፣ ቆንጆ ሳጥን፣ ትልቅ ሃርድ ዲስክ እየመረጠ የቤቱን ሲኒማ በእጁ ይገጣጥም ጀመር።

በሌሞ ዙሪያና በአካባቢው ከተሞችም ሰው ገጣጥሟል። ልዩነቱ ኮምፒውተሩ ሳሎን አለመግባቱ ነው። የገባው ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ወደሚሠራበት ሱቅ ነው። ያው አሮጌ ኮምፒውተር ቀን ማመልከቻና የሥራ ልምድ ማስረጃ ይጽፋል፣ ማታ ፊልም ይጭናል። ባለሱቁ ከመርካቶ በቡታጅራ መንገድ ተጨማሪ ሃርድ ዲስክ፣ ካርድ ማንበቢያና ስታብላይዘር ያስመጣል። ደንበኛው ፍላሹን ወይም የስልኩን ሜሞሪ ይዞ ይመጣል፣ ያስጭናል፣ ከፍሎ ይሄዳል። ማጫወቻው ከሱቅ፣ መመልከቻው ከቤት፣ መካከላቸው የሚመላለሰው ደግሞ ኪስ ውስጥ ያለ ፍላሽ። የሀብታም አገር ሰው አንድ ሳጥን ውስጥ ያደረገውን፣ እዚህ ከተማው በሙሉ ተከፋፍሎ ያዘው።

ሳሎኑን በስክሪን የሞላው ግን ሌላ ነገር ነው። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. ወዲህ የሀዲያና የከምባታ ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ ጎረፈ። ጆሃንስበርግ ጄፒ ላይ ሱቅ የከፈተ፣ በገጠር መንደሮቿ ዕቃ ተሸክሞ በዱቤ የሸጠ ልጅ የላከው ገንዘብ ሆሳዕና ላይ ፎቅ፣ ገጠር ላይ ቆርቆሮ ቤት ሆነ። በቤቱ ውስጥም ጠፍጣፋ ቴሌቪዥንና ዲሽ ተተከለ። ፍላሽ የሚያነብ ሪሲቨር ሲመጣ ቪዲዮ ቤት መሄድ ቀረ።

ሪሲቨሯ ግን ፍላሽ የሚያነብ አንጎል አላት እንጂ ሁሉን ታነባለች ማለት አይደለም። አንዱን ፋይል ስትከፍት ምስል አለ ድምፅ የለም፤ ድምፁ የታመቀበትን ዓይነት ለመፍታት ፈቃድ ስላልተከፈለበት ነው። ሌላው ፍላሹ ላይ አልጫን ይላል፤ ፋት32 በተባለው አሠራር የተዘጋጀ ፍላሽ ከ4 ጂቢ የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልምና። የመጫኛ ቤቱ ልጅ ይህን ሁሉ ማንም ሳያስተምረው አወቀ። የትኛው ሪሲቨር የቱን እንደሚወድ ለየ፣ የማይነበበውን ቀየረ፣ ግዙፉን ከፈለ። የሚሠራበት ቪኤልሲ እንኳ የተማሪ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የፓሪስ ኮሌጅ ተማሪዎች በግቢያቸው መስመር ቪዲዮ ለማየት ጀመሩት፤ በ2001 ለዓለም በነፃ ለቀቁት።

ይህ ሁሉ ያለ ዕዳ አልመጣም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ሁለት ዐሥርት ዓመት አልፏል። በአዋጁ ፊት የመጫኛ ቤቱ ንግድ ሰው ያልሸጠለትን መሸጥ ነው። ቤቱን አሲይዞ ተበድሮ ፊልም የሠራ ያገሬ ሰው ሥራው በሳምንቱ በየፍላሹ ሲገባ ማየቱ ቀላል በደል አይደለም። በሌላ በኩል ያንን ፊልም በሕጋዊ መንገድ የሚሸጥ ሱቅ፣ የሚያሳይም አዳራሽ ለብዙ የወረዳ ከተማ አልደረሰም። ሌብነቱም እውነት ነው፣ ጥማቱም እውነት ነው። አንዱን ለማውገዝ ሌላውን መካድ ታሪኩን ያጎድላል።

አሁን መጫኛ ቤቱም በተራው እየተዘጋ ነው። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማ በአማርኛ እያናገረ ሳሎን ገባ። ቴሌግራም ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ እስከ 2 ጂቢ የሚደርስ ፋይል ያስተላልፋል፤ ይህ ለአንድ ሙሉ ፊልም ይበቃል። ሱቁ ወደ ሞባይል ጥገና ሲዞር፣ አሮጌው ሃርድ ዲስክ ይደመሰሳል፣ ይሸጣል፣ ወይም መብራት መጥቶ ሲሄድ ይቃጠላል።

ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ነው። በዚያ ሃርድ ዲስክ ላይ የሆሊውድ ፊልም ብቻ አልነበረም። ሠርግ ነበረ፤ በሀዲይሳና በከምባቲሳ የሚዘመር የመዘምራን ቪዲዮ ነበረ፤ ለቅሶ፣ የሽማግሌ ምርቃት፣ የትምህርት ቤት በዓል ነበረ። ሠርግ ቀራጩ ፊልሙን የሚያቀናብረው፣ ለደቡብ አፍሪካ ዘመድ የሚላከውን ቅጂ የሚያወጣው በዚያው ኮምፒውተር ነው። የሆሊውዱ ፊልም ሺህ ቦታ ተቀምጧል፤ አንድ ሱቅ ቢቃጠል አይጎድልም። የሠርጉ ግን ሌላ ቅጂ የለውም።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ ቴቴ ላይ በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ስደተኞች ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን መሆናቸው ተነገረ። በዚያ መንገድ የቀረ ልጅ ያላት እናት፣ የልጇን ድምፅና አረማመድ የምታይበት ያለችው አንዲት የሠርግ ዲቪዲ ልትሆን ትችላለች። በቤት ውስጥ የሚቃጠል ዲቪዲ ቀለሙ በሙቀትና በብርሃን ይበላሻል። ካሴት ይሻግታል። ፍላሽ ለዓመታት ሳይሰካ ከቆየ የያዘውን ሊያጣ ይችላል። ሃርድ ዲስክም የሚሽከረከር ማሽን ነውና ቀን አለው።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ከቢሮ የወጣ አሮጌ ኮምፒውተር፣ ወደ ቴሌቪዥን የሚሄድ የኤችዲኤምአይ ገመድ፣ አንድ ስታብላይዘርና ሁለት ሃርድ ዲስክ ይበቃሉ። ቪኤልሲም ሆነ ኮዲ የሚባለው የሳሎን ማጫወቻ በነፃ ይገኛል። ያ ሳጥን ፊልም ያጫውታል፤ ከዚያ በላይ ግን የቤተሰቡ መዝገብ ቤት ይሆናል። ከሁለቱ ዲስኮች አንዱ ዘመድ ቤት ይቀመጥ፤ አንዱ ቤት ቢቃጠል ሌላው ይተርፋል። የፋይሉ ስም «ቪዲዮ 1» መሆኑ ይቅርና ቀኑን፣ ቀበሌውንና የሰዎቹን ስም ይያዝ። ስም የሌለው ምስል በአንድ ትውልድ ውስጥ የባዕድ ሰው ምስል ይሆናል።

ከቤተሰብ አቅም በላይ የሆነውም አለ። ሆሳዕና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ናት፤ የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲም መኖሪያ ናት። የሁለቱን ቋንቋዎች ዘፈን፣ መዝሙርና ተረት ለማጥናት የሚነሣ ተመራማሪ ከሰላሳ ዓመት በኋላ የሚፈልገው ማስረጃ፣ ዛሬ ሊዘጋ በተቃረበ የመጫኛ ቤት ጠረጴዛ ሥር አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። የባለቤቶቹን ፈቃድ እየጠየቁ መቅዳት የአንድ ሰመር የተማሪዎች ሥራ ነው። ዲስኩ ከተቃጠለ በኋላ ግን ገንዘብም ጥናትም አይመልሰውም።