ድርጭት ከድምፅ ውድድር እስከ እንቁላል ገበያ፦ ታሪኳ ለማኅበራት የሚሰጠው ትምህርት

ባለፈው ዓመት መኸር ከተሰበሰበ በኋላ ከቀበሌያችን ወጣቶች አምስቱ ተሰባስበው ወደ ልማት ጣቢያችን መጡ። ጥያቄያቸው አጭር ነበር። «ድርጭት ማርባት እንፈልጋለን። በትንሽ ቦታ ብዙ እንቁላል ትሰጣለች ይባላል። ማኅበሩ ብድር ቢሰጠን ያዋጣናል ወይ?» አሉኝ። በኮሌጅ የተማርኩት ስለ ዶሮ እንጂ ስለ ድርጭት ብዙም ስላልነበረ «አጥንቼ ልመልስላችሁ» ብዬ ሸኘኋቸው።

ከዚያ በኋላ ስለዚህች ወፍ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ አንድ ነገር ተገነዘብኩ። የድርጭት ታሪክ የወፍ ታሪክ ብቻ አይደለም። ዘር በጥቂት እጆች ሲያዝ እንዴት እንደሚጠፋ፣ ሰዎች ሲተባበሩም እንዴት እንደሚመለስ የሚያሳይ ታሪክ ነው። ስለዚህ ለአምስቱ ወጣቶች የሰጠሁትን መልስ ዩኒየናችን የምስረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ መጽሔት አማካይነት ለመላው አባላት ላካፍል ወደድኩ።

ድርጭት ለእኛ እንግዳ አይደለችም

ድርጭትን አብዛኞቻችን በመጀመሪያ የምናውቃት ከቅዱስ መጽሐፍ ነው። በኦሪት ዘጸአት እስራኤላውያን በምድረ በዳ ሥጋ በተመኙ ጊዜ ወደ ማታ መጥታ ሰፈራቸውን የሸፈነችው ወፍ ድርጭት ናት። የጥንት ግብጻውያንም በሥዕላዊ ጽሕፈታቸው የድርጭት ጫጩትን ሥዕል እንደ አንድ ፊደል ይጠቀሙበት ነበር።

በደጋ ማሳዎቻችንም የዱር ድርጭት አለች። እህል ሲታጨድ ከእግር ሥር ድንገት ቡር ብላ ተነስታ ጥቂት በርራ መልሳ ሣር ውስጥ የምትሰወረው፣ ከቆቅ በጣም የምታንሰው ወፍ ናት። ከእነዚህ መካከል ዓመቱን ሙሉ እዚሁ የሚኖሩ አሉ። የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው ባሕርና በረሃ አቋርጠው የሚመጡም አሉ።

ይሁን እንጂ ዛሬ በዓለም ዙሪያ በቤት የምትረባው ድርጭት ይህችው የኛዋ አይደለችም። የቅርብ ዘመዷ የሆነችው የጃፓን ድርጭት ናት። ይህን ልዩነት ማወቅ ያስፈልጋል። ምክንያቱም ከማሳ የተያዘች የዱር ድርጭት በጎጆ ውስጥ ስለተዘጋባት ብቻ እንቁላል ጣይ አትሆንም። በተጨማሪም የዱር እንስሳትን መያዝና ማርባት በአገራችን ሕግ መሠረት ፈቃድ የሚያስፈልገው ሥራ ነው።

በድምፅዋ የተወደደች ወፍ

በጃፓን ሰዎች ድርጭትን በቤት ማኖር የጀመሩት ለእንቁላልዋ ወይም ለሥጋዋ ብለው አልነበረም። ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ጀምሮ ተባዕቱ ድርጭት ስለ ድምፁ ይወደድ ነበር። በተለይ እ.ኤ.አ. ከ1603 እስከ 1868 በቆየው የኤዶ ዘመን መኳንንቱና የጦር ሰዎቹ ድርጭቶቻቸውን በሚያማምሩ ትናንሽ ጎጆዎች ይዘው እየቀረቡ በድምፅ ያወዳድሩ ነበር። ድምፁ ያማረለት ወፍ ይደነቃል፤ ዘሩም ይፈለጋል። እንዲህ እየተመረጡ ለብዙ ዘመናት ሲዋለዱ የኖሩ የዘማሪ ድርጭት ዘሮች ነበሩ።

እ.ኤ.አ. ከ1910 ገደማ ወዲህ ግን ነገሩ ተለወጠ። አርቢዎች ድምፅ ያማረለትን መምረጥ ትተው ብዙ እንቁላል የምትጥለውን መምረጥ ጀመሩ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሠላሳ ዓመታት የድርጭት እርባታ በፍጥነት ተስፋፋ። ወፏም ወደ ሌሎች አገሮች መሻገር ጀመረች።

ምርጫው ያመጣው ውጤት የሚያስደንቅ ነው። የቤት ድርጭት በ17 ወይም በ18 ቀን ትፈለፈላለች። የዶሮ ጫጩት 21 ቀን እንደሚፈጅ እናውቃለን። ከተፈለፈለች ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ እንቁላል መጣል ትጀምራለች። በጥሩ አያያዝ በዓመት ከ250 በላይ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። የአገራችን የአበሻ ዶሮ ግን በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል እንደምትጥል ይነገራል። ነገር ግን የድርጭት እንቁላል 10 ግራም ያህል ብቻ ስለሆነ አራት ወይም አምስቱ ተደምረው ነው አንድ የዶሮ እንቁላል የሚያህሉት። ቁጥሩን ብቻ ሰምቶ ሚዛኑን ያልጠየቀ ሰው ሒሳቡን ይስታል።

ምርጫው የወሰደው ነገርም አለ። የቤት ድርጭት እናትነትን ረስታለች ማለት ይቻላል። እንቁላልዋን ጥላ ትሄዳለች እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አትታቀፍም። ስለዚህ ያለ ማስፈልፈያ መሣሪያ ወይም ያለ ታቃፊ ዶሮ ዘሯ አይቀጥልም። የዱር ዘመዷ በማንም ሳትረዳ ዘሯን ስትተካ፣ የቤቷ ድርጭት ግን ሰው ከተዋት በአንድ ትውልድ ያልቃል።

ጦርነቱና የዘር መጥፋት

ይህ ድክመት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በግልጽ ታየ። በጃፓን ለሰው የሚሆን እህል ሲጠፋ ለወፍ የሚሆን መኖ ከየት ይመጣል? ከተሞች ተቃጠሉ፤ አርቢዎች ተበተኑ። ለብዙ ዘመን ሲመረጡ የኖሩት የዘማሪ ድርጭት ዘሮች ፈጽመው ጠፉ። ዛሬ ያንን ዘር መልሶ ማግኘት አይቻልም። የእንቁላል ጣይዎቹም ዘር ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ጦርነቱ እ.ኤ.አ. በ1945 ካበቃ በኋላ አርቢዎች ከሞት የተረፉትን ጥቂት ወፎች ፈልገው አሰባሰቡ። ከጎረቤት አገሮች የመጡ ወፎች ሳይጨመሩባቸው እንዳልቀረም ይታመናል። ዛሬ በብዙ አገሮች የሚረቡት ድርጭቶች የዘር ግንዳቸው በአብዛኛው ወደነዚያ ጥቂት ወፎች ይመለሳል።

እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር አለ። ድርጭት በዝምድና መዋለድን ከዶሮ ይልቅ አትችልም። ወንድምና እህት እየተዳቀሉ ከቀጠሉ በጥቂት ትውልድ ውስጥ እንቁላሉ መካን ይሆናል፤ የተፈለፈለውም ጫጩት ይሞታል። በዩኒቨርሲቲዎች በተደረጉ ሙከራዎች በዚህ መንገድ የተዋለዱ ዘሮች ጨርሰው ጠፍተዋል። ስለዚህ አርቢዎቹ ዘሩን ሊያተርፉ የቻሉት እያንዳንዳቸው የያዙትን ጥቂት ወፍ ቆልፈው በማስቀመጥ አልነበረም። የአንዱ ተባዕት ወደ ሌላው መንጋ መግባት ነበረበት።

ከዚያ በኋላ የድርጭት ዕድል ተቃና። ትንሽ ስለሆነችና ቶሎ ስለምትደርስ በምርምር ተቋማት ተፈላጊ ሆነች። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1990 ሚር በተባለው የሶቪየት ኅብረት የጠፈር ጣቢያ ውስጥ የድርጭት ጫጩቶች ተፈለፈሉ። በጠፈር የተፈለፈለ የመጀመሪያው ወፍ ይህ ነው።

ቶዮሃሺ፦ የድርጭት አርቢዎች ማኅበር

በጃፓን አይቺ በተባለው ክፍለ ሀገር ቶዮሃሺ የምትባል ከተማ አለች። አየሯ ለስለስ ያለ ነው። የአገሪቱ የድርጭት እንቁላል ከግማሽ በላይ የሚመረተው በዚህ ክፍለ ሀገር ሲሆን ዋናዋ ማዕከል ቶዮሃሺ ናት። የአካባቢው አርቢዎች የራሳቸውን የድርጭት አርቢዎች የግብርና ኅብረት ሥራ ማኅበር መሥርተዋል። እኛ በቡና፣ በሰሊጥ ወይም በስንዴ እንደምንደራጅ እነርሱ ደግሞ በአንዲት ትንሽ ወፍ ተደራጁ ማለት ነው።

ማኅበራቸው ከባድ ፈተና የገጠመው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። በዚያ ዓመት የካቲት ወር ውስጥ በቶዮሃሺ የድርጭት እርባታዎች የወፍ ጉንፋን ቫይረስ ተገኘ። በሽታው እንዳይዛመት ሲባል ከአንድ ሚሊዮን በላይ ድርጭቶች እንዲወገዱ ተደረገ። እርባታዎቹ በአንድ አካባቢ ተሰባስበው መገኘታቸው መኖ ለመግዛትና እንቁላል ለመሸጥ ጠቅሟቸው ነበር። በሽታ ሲመጣ ግን ያው መሰባሰብ ጉዳት ሆነ። ቢሆንም ሥራው በዚያ አላበቃም፤ አርቢዎቹ እንደገና ዘር አግኝተው ጀመሩ።

እኛም የወፍ ጉንፋን ወሬ በተሰማበት በ1998 ዓ.ም. በአንዳንድ ገበያዎች ዶሮ የሚገዛ ሰው ጠፍቶ እንደነበር የምናስታውስ ነን። ለመጉዳት በሽታው ራሱ መምጣት አላስፈለገውም፤ ወሬው ብቻ በቂ ነበር።

ኬንያ፦ ገበያው ሳይታወቅ የተጀመረ እርባታ

ከጃፓን ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ የኬንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በጎረቤታችን በኬንያ የድርጭት እርባታ እንደ ወረርሽኝ ተስፋፋ። እንቁላሉ ብዙ በሽታ ይፈውሳል ተብሎ ተወራ። የአንዱ ትንሽ እንቁላል ዋጋ ከዶሮ እንቁላል በብዙ እጥፍ በለጠ። የመንግሥት ሠራተኛው፣ ነጋዴውና ገበሬው ሁሉ ከኬንያ የዱር እንስሳት አገልግሎት ፈቃድ ለማውጣት ተሰለፈ።

በ2014 ግን ዋጋው ወደቀ። ምክንያቱን ለመረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ከገዢዎቹ ብዙዎቹ እንቁላሉን የሚፈልጉት ሊበሉት ሳይሆን አስፈልፍለው እነርሱም አርቢ ለመሆን ነበር። ሁሉም አርቢ በሆነ ጊዜ በላተኛ ጠፋ። ተበድረው የገቡ ሰዎች ኪሳራ ላይ ወደቁ፤ መኖ መግዛት አቅቷቸው ወፎቹን የለቀቁም ነበሩ። ወፏ አልበደለቻቸውም፤ እንደተለመደው እንቁላልዋን ስትጥል ነበር። የጎደለው እንቁላሉን ማን እንደሚበላው አስቀድሞ የጠየቀ ማኅበር ነው።

የራሴን ስህተት ልንገራችሁ

በሥራ በመጀመሪያው ዓመት በቀበሌያችን ለሚኖሩ እናቶች የተሻሻሉ ቄቦችንና አውራ ዶሮዎችን አከፋፍለን ነበር። እንዴት እንደሚመገቡ፣ የፈንግል ክትባት መቼ እንደሚሰጣቸው አስተማርኩ። ስለ ዘር ግን ምንም አልተናገርኩም። አንዲት እናት ከአንድ ታቃፊ የወጡትን ወንድና ሴት እዚያው እያዋለዱ ሦስት ዓመት ቆዩ። በሦስተኛው ዓመት አሥራ ሁለት እንቁላል አስታቅፈው አራት ብቻ ተፈለፈለላቸው። «ልጄ፣ ዶሮህ ምነው መካን ሆነችብኝ?» አሉኝ። አጥሩን ተሻግሮ ባለው ቤት ሌላ ዘር ያለው አውራ ዶሮ ነበር። ሁለቱ ጎረቤታሞች አውራ ዶሮ እንዲለዋወጡ መንገር ምንም ወጪ የማይጠይቅ ምክር ነበር። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእሳቸው አልነበረም። በዶሮ እንዲህ የሆነ በድርጭት ከዚህ ፈጥኖ ይሆናል።

ለወጣቶቹ የሰጠሁት መልስ

አምስቱ ወጣቶች በቀጠሯቸው ሲመጡ ከታሪኩ ያገኘኋቸውን ነጥቦች እንደሚከተለው ነገርኳቸው።

በመጀመሪያ ገዢ ይፈለግ፤ ከዚያ ወፍ ይፈለግ። ለእርባታ የሚገዛችሁን ሰው ሳይሆን ለምግብ የሚገዛችሁን ሆቴልና ቤተሰብ ቁጠሩ። እንቁላሉ ጥሩ ምግብ ነው፤ መድኃኒት ነው ብላችሁ ግን አትሽጡ።

ሁለተኛ፣ ዘሩ ፈቃድ ካለው አርቢ፣ ቢቻል ከማይዛመዱ ሁለት ምንጮች ይምጣ። በአንድ ቤትም አይከማች። በሦስት ወይም በአራት ቤት ተከፋፍሎ ቢያዝ አንዱ ጋ በሽታ ቢገባ ወይም ሸለምጥማጥ ቢፈጅ ሌላው ይተርፋል። ለሁለት ወይም ለሦስት ሴት አንድ ወንድ ይመደብ። ወንዶቹን በየትውልዱ ከቤት ወደ ቤት አዘዋውሩ፤ የትኛው ከየት እንደመጣ በደብተር ጻፉ።

ሦስተኛ፣ የመኖውን ሒሳብ አስቀድማችሁ ሥሩ። የድርጭት ጫጩት ከዶሮ ጫጩት የበለጠ ገንቢ ምግብ ትፈልጋለች። በቆሎ ብቻ በትኖ ማሳደግ አይቻልም። አኩሪ አተርና ፋጉሎ የመሳሰለው ዋጋው ስንት እንደሆነ በግል ከመግዛት በማኅበር መግዛት ምን ያህል እንደሚያቀልል አስሉ።

አራተኛ፣ ጫጩቷ በጣም ትንሽ ናት። በመጀመሪያው ሳምንት ብርድ ይገድላታል፤ በውኃ ማጠጫ ውስጥም ትሰጥማለች። በማጠጫው ላይ ጠጠር መደርደር ዋጋ የሌለው ግን ብዙ ነፍስ የሚያተርፍ ዘዴ ነው።

ወጣቶቹ ዝም ብለው ካዳመጡኝ በኋላ አንዱ «ታዲያ አትጀምሩ ማለትህ ነው?» አለኝ። አይደለም። ጀምሩ፤ ግን እንደ ቶዮሃሺ ጀምሩ እንጂ እንደ 2013ቱ ግርግር አትጀምሩ አልኩት። ከአምስቱ ሦስቱ የብድሩን ጥያቄ ለጊዜው አቆይተው ወደ ወረዳው ከተማ ሄደው ሆቴሎችን እየጠየቁ ነው። ይህ ራሱ ለእኔ ትልቅ እርምጃ ነው።

ማጠቃለያ

የጃፓን ዘማሪ ድርጭት ድምፅ ዛሬ የለም፤ ማንም አይሰማውም። የእንቁላል ጣይዋ ዘር ግን ተርፎ ዓለምን አዳርሷል። ከማሳችን እየጠፉ ያሉ የጤፍ፣ የስንዴና የገብስ ዘሮች፣ በየጓሯችን እየተደባለቁ ያሉ የአበሻ ዶሮዎችም ያው አደጋ ከፊታቸው አለ። አባላት ዘር ስንለዋወጥና በየቤታችን ከፋፍለን ስንይዝ፣ የወረዳና የዞን ኃላፊዎችም ብድር ከመፈቀዱ በፊት የገበያና የዘር ምንጭ ጥናት ይቅረብ ብለው ሲጠይቁ ለልጆቻችን የሚቀር ሀብት ይኖራል። አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያሉት ለትልቁ ጉዳይ ብቻ አይደለም። 10 ግራም ለምትመዝን እንቁላልም ይሠራል።

ለመላው የዩኒየናችን አባላት መልካም የምስረታ በዓል ይሁንልን።