ከምጽዋት እስከ መብት፦ የኤቫ ፔሮን የእርዳታ ድርጅት
የአርጀንቲናው ፕሬዚዳንት የኹዋን ፔሮን ባለቤት ኤቫ በ1948 እ.ኤ.አ. ያቋቋመችው የእርዳታ ድርጅት ከፖለቲካ መሣሪያነት አያልፍም የሚሉ አሉ። ክሱ መሠረት የለውም አይባልም። ከሠራተኛው ደመወዝ መዋጮ ይሰበሰብ ነበር፤ ነጋዴውም ወዶ ብቻ አልሰጠም፤ የሂሳብ አያያዙም ልቅ ነበር። ዳሩ ግን ከእርሷ በፊት የነበረውን ማየት ያሻል። ከ1823 ጀምሮ የድሃው ጉዳይ በባለጸጋ ወይዛዝርት ማኅበር እጅ ነበርና ችግረኛው የእመቤቶቹን በጎ ፈቃድ መጠበቅ ነበረበት። ራሷ ከድሃ ቤት የወጣችው ኤቫ ሥራዋ ምጽዋት መባሉን አትወድም፤ ለተቸገረው የሚገባውን ነው የምሰጠው ትል ነበር። ሆስፒታሎቹ፣ የአረጋውያን መኖሪያዎቹና የነርሶች ትምህርት ቤቱ በዚህ እምነት የተሠሩ ናቸው። እኔ ድክመቱን የማየው ሌላ ቦታ ነው፦ መብት ያለችውን ነገር ከሕግ ይልቅ በራሷ እጅና ስም ላይ አቆመችው። በ1952 በ33 ዓመቷ በካንሰር ሞተች፤ በ1955 ባሏን የገለበጡት መኮንኖች ድርጅቱን ለማፍረስ ብዙም አልተቸገሩም።