ባሕር፣ መርከብ፣ ባቡር፦ የውኃ መጓጓዣ በመቅደላና በካርቱም ዘመቻዎች

ካርቱም ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ የሚገናኙባት፣ ከቀይ ባሕር ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር የራቀች ከተማ ናት። ሆኖም ነዋሪዎቿ ወንዙን «ባሕር» ይሉታል፤ ነጭ ዓባይ «ባሕር አልአብየድ»፣ ጥቁር ዓባይ «ባሕር አልአዝረቅ» ነው። በአማርኛ ግን ቃሉ ባሕሩንና ሐይቁን ሲያቅፍ (ባሕር ዳር ምስክር ናት)፣ ለወራጅ ውኃ አይነገርም። ይህ ጽሑፍ ልዩነቱን መነሻ አድርጎ፣ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ዘመቻዎች በውኃ መጓጓዣ ላይ እንዴት እንደተመሠረቱ ይመረምራል። ዘመናቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1867 መጨረሻ ከቦምቤይ የተነሣው የእንግሊዝ ጦር ዙላ ላይ ወረደ። የጄኔራል ሮበርት ናፒየር ዕቅድ ከውጊያው ይልቅ በስንቁ ላይ ያተኮረ ነበር፦ የመርከብ ማራገፊያ ተሠራ፣ የባሕሩ ውኃ እየተጣራ ለመጠጥ ቀረበ፣ ወደ ኩማይሌ ሐዲድ ተዘረጋ፣ ከሕንድ 44 ዝሆኖች መጡ። 13,000 ያህል ወታደር የተመደበበት ይህ ዘመቻ ከጠረፉ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ዘልቆ ኤፕሪል 13 ቀን 1868 መቅደላን ያዘ። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን አሠርተው እስከ አምባው አስጐትተዋል፤ የጠላትን ስንቅ ከባሕሩ በር የሚያግድ ኃይል ግን አልነበራቸውም።

ካርቱም በ1884 በተከበበች ጊዜ ለንደን ውስጥ የተነሣው ክርክር የመንገድ ክርክር ነበር፦ ከሱዋኪን በረሓውን አቋርጦ በርበር መግባት ይሻላል ወይስ ከግብፅ ዓባይን ሽቅብ መቅዘፍ? ጄኔራል ዎልዝሊ በ1870 በካናዳ ወንዞች ያካበቱትን ልምድ ይዘው ዓባይን መረጡ፤ ቀዛፊዎችንም ከካናዳ አስመጡ። ፏፏቴዎቹ ግን ጊዜ በሉ። ከተማዋ ጃንዋሪ 26 ቀን 1885 ወደቀች፤ የጎርደን መርከቦች ቦርዴይንና ተላሐዊያ ረዳት ጭነው የደረሱት ከሁለት ቀን በኋላ ነው። በ1898 ኪችነር ሐዲድንና ወንዝን አጣመሩ፤ «መሊክ»፣ «ሱልጣን» እና «ሼኽ» የተባሉት የጦር ጀልባዎች ተፈታተው መጥተው በወንዙ ዳር ተገጣጠሙ።

በኢትዮጵያ በኩል የሁሉም ማሰሪያ የዐድዋው ውል ነው። ጁን 3 ቀን 1884 ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከእንግሊዙ አድሚራል ዊልያም ሂወት ጋር ተዋዋሉ። ንጉሠ ነገሥቱ በመሐዲስቶች የተከበቡት የግብፅ ወታደሮች በአገራቸው በኩል እንዲወጡ ሊረዱ፣ በምላሹ ቦጎስን ሊረከቡና በምጽዋ ዕቃና መሣሪያ ያለ ቀረጥ ሊያሳልፉ ተስማሙ። የተሰጣቸው ማለፊያው እንጂ ወደቡ አልነበረም፤ ኢጣሊያ በፌብሯሪ 1885 ምጽዋን ያዘች። በወደብ የማለፍ መብትና ወደብ የመያዝ ሥልጣን አንድ አለመሆናቸው ከዚህ ይልቅ ጎልቶ የታየበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ቃላቱም ይህንኑ ታሪክ ይናገራሉ። ግእዝ ለመርከብ «ሐመር» የሚል የራሱ ቃል አለው፤ «መርከብ» ግን ከዐረብኛው መጋለቢያ ከሚለው ሥር የመጣ ነው፤ በግእዝ «ረከበ» ትርጉሙ አገኘ ነውና። «ባቡር» ደግሞ እንፋሎት ከሚለው የአውሮፓ ቃል ተነሥቶ፣ በግብፅና በሱዳን ዐረብኛ የእንፋሎት መርከብንም ሲጠራ፣ በአማርኛ በሐዲድ ላይ ቀረ። ወደቡን ያጣ አገር ቃሉን ወደ የብስ አወጣው ማለት ይቻላል።

ስለዚህ የዘመኑን የዐረብኛ ደብዳቤ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው «ባሕር»ን እና «ባቡር»ን እንዳሉ ማለፍ የለበትም። አንዲት ቃል ጦሩን ከዓባይ ዳር አንሥታ ቀይ ባሕር ላይ ልታሰፍረው ትችላለች።