የኦሞራቴ ታሪክ የት ይጀምራል?



ሰሞኑን ጂንካ ሳስተምር ከተማሪዎቼ አንዱ የነበረ፣ ዛሬ ኦሞራቴ ላይ ሥራ የያዘ ልጅ አንድ ፎቶ ላከልኝ። ፎቶው ላይ የአፈር ክትር አለ። በአንድ በኩል የቆርቆሮ ቤቶች፣ በሌላ በኩል ቡናማ ውሃ። ከሥሩ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «ቲቸር፣ ከተማዋ ትነሳለች እያሉ ሰው ሁሉ ያወራል። ከመነሳቷ በፊት ታሪኳን ይጻፉልን።»

እሺ ብዬ ተቀመጥኩ። ክፍል ውስጥ እንደለመድኩት ጀመርኩ፦ ማን ቆረቆራት? በስንት ዓመተ ምሕረት? የመጀመሪያው አስተዳዳሪ ማን ነበር? ሦስት መስመር ሳልሞላ ቆምኩ። በዚህ መንገድ ከሄድኩ የምጽፈው የፖሊስ ጣቢያ ታሪክ ነው የሚሆነው። የኦሞራቴን ታሪክ ለመጻፍ ከወንዙ መነሳት ያስፈልጋል። ስለዚህ ከወንዙ ልጀምር፤ ታገሱኝ። ዓመቶቹን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

ለማታውቋት፣ ኦሞራቴ ከቱርሚ 72 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በኦሞ ወንዝ ምሥራቃዊ ዳርቻ ላይ ያለች የዳሰነች ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ሙቀቷ አይጣል ነው። ዝናቧ ትንሽ ነው፤ የሚጥለውም በአብዛኛው በበልግ ነው። ታዲያ ሰው እዚያ በምን ይኖራል? በሌላ አገር ዝናብ ነዋ! ክረምት ላይ በጅማ፣ በወሊሶ፣ በከፋ፣ በዳውሮ የሚዘንበው ውሃ በጊቤና በጎጀብ ተሰብስቦ ኦሞ ይሆንና 760 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ እዚህ ይደርሳል። ነሐሴና መስከረም ላይ ወንዙ ከአፉ ይወጣል፣ ሜዳውን ያለብሳል፣ ደለሉን ጥሎ ይመለሳል። ሰዉ ውሃው በሸሸበት እርጥብ መሬት ላይ ማሽላ ይዘራል። ጣና ዳር ያላችሁ «ውሃ ሸሽ» የምትሉት ዓይነት እርሻ ማለት ነው። በሬም ማረሻም አይፈልግም፤ ማዳበሪያውን ወንዙ ራሱ ነው የሚያመጣው።

እንግዲህ የውጭ ሰው እዚህ መቼ ደረሰ? በጽሑፍ የምናውቃቸው የመጀመሪያዎቹ አውሮፓውያን የሃንጋሪው ቆንት ሳሙኤል ቴሌኪና ጓደኛው ሉድቪግ ፎን ሆኔል ናቸው። በ1880 ዓ.ም. ከደቡብ ተነስተው ሐይቁ ጋ ደረሱና በኦስትሪያው አልጋ ወራሽ ስም «ሩዶልፍ» አሉት። እኛም ኬንያም ዛሬ ቱርካና የምንለው ሐይቅ ነው። ዳሰነቾችን «ረሺያት» ብለው መዘገቧቸው። ከዚያ ወዲህ ይህ ሕዝብ ያልተሰጠው ስም የለም፤ እንግሊዞች «መሪሌ»፣ የእኛ አስተዳደር ደግሞ «ገለብ» ሲለው ኖሯል። ጂንካ የአውራጃ ከተማ በነበረችበት ዘመን አውራጃው «ገለብና ሐመር ባኮ» ይባል እንደነበር ትልልቆቻችሁ ታስታውሳላችሁ።

ቴሌኪ ቢመለስም አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ቀርቶ ነበር፦ ኦሞ የት ነው የሚገባው? ወደ ነጭ አባይ ይፈስሳል ያለ ነበር፣ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ያለም ነበር። ቁርጡን ያሳወቀው ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ቦቴጎ ነው። ወንዙን ተከትሎ ወርዶ ሐይቁ ውስጥ ሲገባ ያየው በ1888 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ላይ ነበር። ዓመቱን ልብ በሉ። የካቲት ላይ ዓድዋ ነበር! ያገሩ ጦር ሰሜን ላይ ተሸንፎ ስድስት ወር ሲሞላው ቦቴጎ ከኦሞ አፍ ቆሟል። ይህን እግሩን ይዞ ግን አገሩ አልገባም፤ በ1889 ዓ.ም. ወለጋ ላይ በተደረገ ውጊያ ሞተ።

ከዚያ የምኒልክ ጦር መጣ። በ1890 ዓ.ም. ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ከከፋ ተነስተው እስከ ሐይቁ ዳር ዘልቀው ባንዲራ ተከሉ። አብሯቸው የነበረው የሩሲያ መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች ጉዞውን በመጽሐፍ ጽፎታል። በ1900 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመው የወሰን ውል ሐይቁን ከጫፉ በስተቀር ለወዲያኛው ወገን አደረገው። ዳሰነቾች ድንበር ሳይሻገሩ ድንበር ተሻገራቸው። በኋላም በምዕራብ በኩል ኢለሚ ላይ የነበራቸው የግጦሽ መሬት በእንግሊዞች ቁጥጥር ሲጠብ፣ ከብት ይዞ ወዲያ መሻገር ጦር ይዞ እንደመሄድ ተቆጠረ። ግጦሹ በጠበበ ቁጥር ሰው ወደ ወንዙ ተጠጋ።

እስካሁን ያልኳችሁን መጽሐፍ ላይ ታገኙታላችሁ። አሁን ክፍል ውስጥ አስተምሬው ወደማላውቀው ነገር ልምጣ።

በ1959 ዓ.ም. የፈረንሳይ፣ የአሜሪካና የኬንያ ተመራማሪዎች ወደ ኦሞ ሸለቆ መጡ። ያን ዓመት ኪቢሽ አካባቢ የተገኙትን የሰው ቅሪቶች ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። በ2014 ዓ.ም. በወጣው ጥናት ዕድሜያቸው ቢያንስ 233 ሺህ ዓመት ነው ተብሏል። የእኛ ኩራት፣ የጉብኝት መጽሔቱም ሽፋን እነሱ ናቸው። ግን እኮ ያኔ ከመጡት ውስጥ ካርል ቡትዘር የሚባል የመሬት አጥኚ ነበረበት። እሱ ከቅሪቶቹ ሌላ ወንዙ ሐይቁ ውስጥ የሚገባበትን ዴልታ አጠና። የቴሌኪንና የቦቴጎን ዘመን ጽሑፎችና ካርታዎች ከራሱ ልኬት ጋር አስተያየ። ያገኘው ነገር ለእኔ ከራስ ቅሉ አያንስም፦ እነ ቴሌኪ ያዩት ሐይቅ ሞልቶ የነበረ ሐይቅ ነው። ከዚያ በኋላ በነበረው ግማሽ ምዕተ ዓመት ወደ 20 ሜትር ገደማ ወርዷል።

20 ሜትር ማለት ስድስት ፎቅ ቤት ማለት ነው። መሬቱ ሜዳ ስለሆነ ደግሞ ሐይቁ ትንሽ ሜትር ሲወርድ ብዙ ኪሎ ሜትር ይሸሻል፤ ትንሽ ሲወጣም ብዙ ኪሎ ሜትር ይመጣል። በፈረንጆች የድሮ ካርታ «ካላም» የሚባለው ጣቢያ፣ የዛሬዋ ኦሞራቴ፣ ያደገው ሐይቁ በሸሸበት ዘመን ነው። ከእሷ በታች ያለው ዴልታም እየሰፋ ሄደ። ደሴቶች ወጡ፤ ሣር በቀለባቸው፣ ከብት ገባባቸው፣ ሰው ሰፈረባቸው። የሐይቅ መሬት ነበር፤ ሐይቁ ለጊዜው አበደረው ማለት ይቻላል።

በዚህ የብድር መሬት ላይ ብዙ ሰው ብዙ ዕቅድ ይዞ መጣ። በ1960ዎቹ የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚስዮን ሰዎች የሸራ ክንፍ ያላቸው የንፋስ ፓምፖች ሠርተው የኦሞን ውሃ ወደ ማሳ አወጡ። ሥራው ያኔ በውጭ አገር ሳይቀር ተጽፎለታል። አብዮቱ መጣ፣ ሚስዮኑ ሄደ፣ ሸራው ተቀደደ። ደርግ ደግሞ ከሰሜን ኮሪያ ጋር የጥጥ እርሻ ጀመረ። 1983 ሲመጣ እሱም ቆመ። ጥር 17 ቀን 2003 ዓ.ም. አሥራ ሦስተኛው የአርብቶ አደሮች ቀን ጂንካ ላይ ሲከበር ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ስለ ሸለቆው የመስኖ ልማት ያደረጉትን ንግግር በቦታው የሰማችሁ አላችሁ። የኩራዝ ስኳር ተከተለ። ሁሉም ዕቅድ የየራሱ ምክንያት ነበረው፤ አንዱንም ለማጣጣል አልጻፍኩም። ግን በሁሉም ውስጥ አንድ የጋራ ነገር አይቻለሁ፦ ወንዙ ባለበት ይረጋል፣ መሬቱም መሬት ሆኖ ይኖራል ብለው ነው የጀመሩት።

ወንዙ ግን ነሐሴ 7 ቀን 1998 ዓ.ም. አስታወሰን። የድሬዳዋው ጎርፍ ከደረሰ ሳምንት ያህል ብቻ ነበር፤ አገር ሁሉ ዓይኑ ድሬዳዋ ላይ ነው። ኦሞ ሞልቶ ዴልታው ውስጥ ያሉ ደሴቶችን በላ። 364 ሰዎች ሞቱ። በሺዎች የሚቆጠሩ ከብቶች ሄዱ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የዳሰነች ሕዝብ 48 ሺህ ገደማ ነው፤ እንግዲህ አስሉት። ያን ዓመት ክፍል ውስጥ ስለ ጎርፍ ስናወራ ከታች የመጣ አንድ ልጅ ያለኝን እስከዛሬ አልረሳሁም። «ቲቸር፣ ሙላት እኮ ጠላታችን አይደለም። ጠላታችን ያልጠበቅነው ሙላት ነው።»

ልዩነቱ ያኔ አልገባኝም ነበር። ቀስ ብሎ ነው የገባኝ።

ጊቤ ሦስት ሲሠራ ከተባሉት ጥቅሞች አንዱ እንዲህ ያለውን ድንገተኛ ሙላት መግታት ነበር። 243 ሜትር ቁመት ያለው፣ 1870 ሜጋዋት የሚያመነጭ ግድብ ነው። በ2007 ውሃ መያዝ ጀመረ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2009 ተመረቀ። መብራቱን ሁላችንም እንጠቀማለን፤ ይህንንም ጽሑፍ በዚያው መብራት ነው የምጽፈው፣ አልክድም። ለታችኛው ተፋሰስ በየዓመቱ ሰው ሠራሽ ሙላት እንደሚለቀቅ በፕሮጀክቱ ጥናት ላይ ሰፍሮ ነበር። ግድቡ ከያዘ ወዲህ ግን የነሐሴው ሙላት እንደ ዱሮው በሰዓቱ አልመጣም። ውሃ ሸሽ እርሻ ውሃው መጥቶ ካልሸሸ የለም። የሚጠበቀው ሙላት ቀረ ማለት ነው።

ያልተጠበቀውስ? እሱ ከላይ ሲከለከል ከታች መጣ። ግድቡ ሐይቁን ያደርቀዋል ብለው የሰጉ ብዙ ነበሩ። ነገር ግን ከ2012 ወዲህ በምሥራቅ አፍሪካ ከወትሮው የበዛ ዝናብ ዘነበና የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ሞሉ። ቱርካናም ሞላ። ሞልቶ ወደ ሰሜን መጣ፣ ያበደረውን መጠየቅ ጀመረ። በዳሰነች ወረዳ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቀሉ፣ ቀበሌዎች ውሃ ውስጥ ገቡ፣ ከተማዋን ለመከላከል ክትር ተሠራ። ልጁ የላከልኝ ፎቶ ላይ ያለው ክትር ማለት ነው። የወንዝ ሙላት መጥቶ ይሸሻል። የሐይቅ ሙላት ግን መጥቶ ቁጭ ይላል።

ታዲያ ከተማዋ ትነሳ ወይስ ትቆይ? እኔ የታሪክ መምህር ነኝ፣ መሐንዲስ አይደለሁም። ታሪክ ግን ሁለት ነገር ይለኛል።

አንደኛው፣ ይህ ውሃ አዲስ አይደለም። ዛሬ «ታይቶ አይታወቅም» ሲባል እሰማለሁ። ታይቷል! የዛሬ 130 ዓመት ገደማ ቴሌኪም ቦቴጎም ራስ ወልደ ጊዮርጊስም አይተውታል። ከሁሉ በላይ የዳሰነች አያቶች አይተውታል። ስለዚህ ነገ ሰው የሚሰፍርበት ቦታ ሲመረጥ የሃያ ዓመት የውሃ ልኬት ብቻ አይበቃም።

ሁለተኛው፣ መነሳት በራሱ ውርደት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ቫልሜየር የምትባል ዘጠኝ መቶ ያህል ነዋሪ የነበራት ትንሽ ከተማ አለች። በ1985 ዓ.ም. ክረምት ወንዙ ክትሩን ጥሶ ዋጣት። ነዋሪዎቹ ተሰብስበው ተማከሩና ከሜዳው ወደ ኮረብታው ለመውጣት ራሳቸው ወሰኑ። ዛሬ አዲሷ ቫልሜየር ኮረብታው ላይ አለች። ሁሉም ሰው አብሮ አልወጣም፤ የተበተነም አለ። ግን ውሳኔው የነሱ ነበር። እኛ ዘንድ ባንዲራውም፣ እርሻውም፣ ግድቡም ሲመጣ ሰዉ ሰማ እንጂ አልተጠየቀም። ከተማዋ የምትነሳ ከሆነ ቢያንስ በዚህኛው ይጠየቅ።

እንግዲህ ልጄ፣ የጠየቅኸኝ የከተማዋን ታሪክ ነበር። ግማሹን ጽፌልሃለሁ። ሌላው ግማሽ እኔ ጋ የለም፤ እናንተ ጋ ነው። ዳሰነች የሆናችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ ሁሉ፣ አደራ የምላችሁ አንድ ሥራ ነው። ሽማግሌዎቻችሁን፣ አሮጊቶቻችሁንም፣ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁልኝ፦ «በአያቶቻችሁ ጊዜ ውሃው የት ድረስ ይመጣ ነበር? ያኔ ሰው ከብቱን ይዞ የት ይወጣ ነበር?» የቦታውን ስም እነሱ በሚጠሩበት ቋንቋ ጻፉት። ከኮሜንቱ ሥር አስቀምጡልኝ፣ ወይም በውስጥ መስመር ላኩልኝ።

የድሮ የቤት ሥራችሁን ያላመጣችሁም ብትሆኑ፣ ይህችን አምጡልኝ።

ቸር ያሰማን።