ጋሻውን የሸጠና ቁልፉን የያዘ

አንድ ወታደር የጦር መሣሪያ ሸጦ ተያዘ የሚል ወሬ በተሰማ ቁጥር ሁለት ፍርድ ወዲያው ይሰጣል። አንዱ «ይረሸን!» ይላል። ሌላው «ደመወዙ ስንት ሆነና ነው?» ብሎ ይሟገትለታል። የሮማ ጦር ከሁለቱም ዓይነት ሐሳብ ጋር ለብዙ መቶ ዓመታት ኖሯል፤ በመጨረሻ የደረሰበት መልስ ከእኛ የቡና ላይ ችሎት የተሻለ ይመስለኛል።

ጅማሬው ጭካኔ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት የጻፈው ግሪካዊው ፖሊቢየስ እንደሚነግረን፣ የሮማ ጦር ሰፈር ሲተከል በውስጡ ያለ ሁሉ፣ ነፃ ሰውም ባሪያም፣ ከሰፈሩ ምንም እንዳይሰርቅ ይምላል፤ ወድቆ ያገኘውን እንኳ ለአዛዦቹ ማምጣት አለበት። ይህን አፍርሶ የሰረቀን አዛዡ በዱላ ነካ ያደርገዋል፤ ከዚያ ሰፈሩ በሙሉ በዱላና በድንጋይ ይወርድበታል። አብዛኛው እዚያው ይሞታል። የተረፈም ቢሆን ወደ አገሩ መመለስ አይችልም፤ ዘመድ ቤቱ ሊያስገባው አይደፍርም። ምን ሰረቀ? መቼ? ማን ፈቀደለት? የሚል ጥያቄ የለም።

አሁን ከ350 ዓመት በላይ እንዝለል። በ3ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ጳውሎስ የሚባል የሕግ ሊቅ ነበር (ሐዋርያው አይደለም፤ ስም ብቻ ነው የተጋሩት)። የእሱና ሞደስቲኖስ የተባለው ሌላ ሊቅ የጻፉት፣ ንጉሠ ነገሥት ዮስቲንያኖስ እ.ኤ.አ. በ533 ባወጣው የሕግ ጥንቅር ውስጥ ተጠብቆ ደርሶናል። ጳውሎስ መሣሪያን አሳልፎ መስጠት ከባድ ወንጀል ነው፣ ከኩብለላም እኩል ነው ብሎ ይጀምርና ወዲያው መለየት ውስጥ ይገባል። የቅልጥም ወይም የትከሻ መሸፈኛውን የሸጠ ይገረፋል። ጥሩሩን፣ ጋሻውን፣ የራስ ቁሩን ወይም ሰይፉን የሸጠ ግን እንደ ኮብላይ ይቆጠራል። አዲስ ምልምል ከሆነ ምሕረቱ ይቀልለታል። ሞደስቲኖስ ደግሞ ጊዜውን ይጨምራል፦ በጦርነት ላይ መሣሪያውን የጣለ ወይም የሸጠ በሞት ይቀጣል፤ ቢራሩለት ወደ ሌላ የጦር ክፍል ይዛወራል።

እኔን የገረመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። የሌላውን ወታደር መሣሪያ የሰረቀ ቅጣቱ ከማዕረግ መውረድ ነው። የራሱን የሸጠ በሞት፣ የጓደኛውን የሰረቀ በማዕረግ! ተገላቢጦሽ ይመስላል። እኔ እንደምረዳው ግን ምክንያት አለው፤ ከጓደኛ የተሰረቀ ሰይፍ እዚያው ሰፈር ውስጥ ሊገኝ ይችላል፣ ገበያ የወጣው ግን ነገ በማን እጅ እንደሚመዘዝ አይታወቅም። ሕጉ የሚለካው የዕቃውን ዋጋ ሳይሆን ዕቃው ሲጎድል ማን እንደሚሞት ነው።

ደመወዙስ? እ.ኤ.አ. በ14 በፓኖኒያ ያመፁት ወታደሮች፣ ታሲተስ እንደጻፈው፣ በቀን ከምትደርሰን 10 ሳንቲም ላይ ልብሳችንን፣ መሣሪያችንንና ድንኳናችንን እንገዛለን፣ የመቶ አለቆቹም ጉቦ ከዚያው ይወጣል ብለው አማርረዋል። ስለዚህ ድህነቱ እውነት ነበር። ጳውሎስም አንድ ነገር አልዘነጋም፦ ያለ ጊዜው መሣሪያ አውጥቶ ለወታደር የሰጠ ከሆነ፣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው በግምጃ ቤቱ ጠባቂ ላይ ነው። በዚች አንዲት ሐረግ ጣቱ ከተራው ወታደር ወደ ቁልፍ ያዡ ዞረ።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ስዊዛዊው ዣን ግራቨን ያረቀቀው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ሆነ እሱን የተካው የ1996ቱ ሕግ ወታደራዊ ወንጀሎችን በውስጣቸው ይዘዋል፤ በብዙዎቹ አንቀጾች የሰላም ጊዜና የጦርነት ጊዜ ቅጣት ይለያያል። በወረቀት ላይ ከሮማ አናንስም። ጭንቁ ያለው አንቀጹ በማን ላይ ይጠቀሳል የሚለው ላይ ነው።

1983ን አስታውሱ። ግንቦት 13 ቀን መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ጥለው ወጡ። በዚያ ሰሞን የተበተነው ወታደር ክላሹን ለዳቦና ለመሳፈሪያ ሲለውጥ ያየ ሰው ዛሬም ብዙ ነው። በጳውሎስ መዝገብ ይህ ሰው የሸጠው የቅልጥም መሸፈኛ አይደለም፣ ሰይፉን ነው፤ እንደ ኮብላይ ይቆጠራል። ግን ከማን ኮበለለ? ደመወዝ የሚከፍለው፣ ስንቅ የሚያቀርብለት፣ መሣሪያውን ቆጥሮ የሚረከበው አልነበረም። እኔ ዳኛ ብሆን እሱን በነፃ አሰናብቼ፣ የክፍሉን የመሣሪያ መዝገብ አስመጣና የመጨረሻውን ፊርማ የማን እንደሆነ እጠይቅ ነበር። ከሁሉም በላይ የነበሩት ፈራሚ በዚያ ሳምንት ሐራሬ ገብተዋል።