ስኳሩ ተመዘነ፤ አጥንቱስ?

ከጥቂት ጊዜ በፊት የአንድ ድርጅት ዓመታዊ ሪፖርት ሲነበብ የማዳመጥ ዕድል ገጥሞኝ ነበር። ሪፖርቱ እንደ ልማዱ በመቶኛ የተሞላ ነው። ምርት ይህን ያህል አደገ፤ ሽያጭ ከዕቅድ በላይ ሆነ፤ ወጪ ቀነሰ፤ የተጣራ ትርፍ ካምናው በለጠ። አዳራሹ አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ። ጥያቄ ሲፈቀድ ግን ከኋላ ወንበር አንድ አዛውንት ተነሡና፣ «ከፋብሪካው የሚወጣው ውኃ የሚሄደው ወዴት ነው? ከታች ያለው ሕዝብስ ዘንድሮ እንዴት ከረመ?» ሲሉ ጠየቁ። ሰብሳቢው ፈገግ ብለው፣ «አባታችን፣ እሱ በዛሬው አጀንዳ ውስጥ አልተያዘም» አሏቸው። ሽማግሌው ተቀመጡ። ሻይ ቀረበ።

ያ ጥያቄ ለብዙ ቀናት አልለቀቀኝም። አንድን ድርጅት «ተሳካለት» የምንለው ምን ሲያደርግ ነው? ስንት ኩንታል አመረተ፣ ስንት ብር አተረፈ ብሎ መመለስ ቀላል ነው፤ ኩንታልም ብርም ይቆጠራሉና። ችግሩ ያልተቆጠረውን ነገር እንደሌለ አድርገን መውሰዳችን ላይ ነው። ይህን ለማየት ባሕር መሻገር አያስፈልግም። ከአዲስ አበባ አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ የወንጂን ታሪክ ማገላበጥ ይበቃል።

ጣፋጩ መዝገብ

ኤች.ቪ.ኤ. በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የሆላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1879 በአምስተርዳም ተመሥርቶ በጃቫና በሱማትራ ደሴቶች ሰፋፊ እርሻዎችን ያስተዳድር ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኢንዶኔዥያ ነጻ ስትወጣ ይዞታው እንደማያስተማምን ስለተረዳ ሌላ አገር ማማተር ጀመረ። በ1943 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተዋውሎ በአዋሽ ዳር፣ በወንጂ ሜዳ 5,000 ሄክታር መሬት ተረከበ። ፋብሪካው መጋቢት 11 ቀን 1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በ1955 ዓ.ም. የሸዋ ፋብሪካ ተጨመረ። በ1962 ዓ.ም. ደግሞ ወንዙን ተከትሎ ዝቅ ብሎ የመተሐራው ፋብሪካ ተነሣ።

እውነቱን ለመናገር፣ በመዝገብ የሰፈረው ሁሉ የሚያኮራ ነበር። ስኳርን ከውጭ ስታስመጣ የኖረች አገር የራሷን ስኳር ማምረት ቻለች። ከከምባታ፣ ከሐዲያ፣ ከወላይታ ሥራ ፍለጋ የመጣው ወጣት በወር መጨረሻ ደመወዝ የሚባል ነገር አየ። መንደሮች ተቆረቆሩ፤ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ተከፈተ። የወንጂ ሠራተኛ በአገራችን የሠራተኛ እንቅስቃሴ ታሪክ ውስጥ ከቀዳሚዎቹ ተርታ የሚሰለፍ ነው። በዚያ ዘመን ያደገ የከተማ ሰውማ ስለ ወንጂ ምንም ባያውቅ እንኳ ደስታ ከረሜላን ያውቃል።

የስኳር ፋብሪካ በባሕርዩ የሚዛን ቤት ነው። ሸንኮራው ሲገባ ይመዘናል። ጭማቂው በላቦራቶሪ ውስጥ የስኳር መጠኑ ይለካል። ስኳሩ ከረጢት ሲገባ እንደገና ይመዘናል። ከሸንኮራው ጥቂት እንኳ በከንቱ ቢባክን የት እንደባከነ የሚከታተል ባለሙያ አለ። በዚህ ሁሉ ጥንቃቄ መሐል ግን ማንም ለመለካት ያልተቻኮለበት አንድ ነገር ነበር። እሱም ሠራተኛው ከጉድጓድ እየቀዳ የሚጠጣው ውኃ ነው።

የጉድጓዱ ምስጢር

የአዋሽ ውኃ ድፍርስ ነው። ከጉድጓድ የሚወጣው ግን ጥርት ያለ፣ የማይሸት፣ ለዓይንም ለአፍም የሚጥም ነው። ስለዚህ የጉድጓዱን መምረጥ ለማንም ሰው ብልህነት ይመስላል። ነገር ግን ስምጥ ሸለቆ የእሳተ ገሞራ አገር ነው። ከመሬት በታች በዚያ ድንጋይ መካከል ረጅም ጊዜ የቆየ ውኃ ፍሎራይድ የሚባለውን ንጥረ ነገር እያሟሟ ይይዛል። የዓለም የጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። በወንጂ አካባቢ ከተቆፈሩት ጉድጓዶች ብዙዎቹ ከዚህ ወሰን እጅግ የራቁ ነበሩ።

ፍሎራይድ በጥቂቱ ሲሆን ለጥርስ ይጠቅማል። ሲበዛ ግን ጥርሳቸው ገና በመሠራት ላይ ያሉ ሕፃናትን ጥርስ ያበልዛል። ናዝሬት ያደገ ሰው በጥርሱ ይታወቃል የሚባለው በዚሁ ምክንያት ነው። ብዙዎቻችን እንደ ቀልድ አድርገን ስናወራው ኖረናል። ከጥርስ አልፎ አጥንት ውስጥ ሲጠራቀም ግን ቀልዱ ያበቃል። መጀመሪያ የወገብና የመገጣጠሚያ ሕመም ይመጣል። ሕመምተኛው ሥራው ያደከመው ይመስለዋል፤ ሌላውም እንደዚያው ይለዋል። ከዚያ አንገት እንደ ልብ አልዞር፣ ጀርባ አልታጠፍ ይላል። አጥንቱ ከልኩ በላይ እየወፈረ ሕብለ ሰረሰርን የተጫነው እንደሆነ እግር ይዝላል፤ በመጨረሻም ሽባነት ይከተላል።

ይህ ሁሉ የአንድ ወር ወይም የአንድ ዓመት ሥራ አይደለም። አሥር፣ አሥራ አምስት፣ ሃያ ዓመት ይፈጃል። አበው «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ያሉት ስለ ጎርፍ ቢሆንም ለወንጂ ጉድጓድም ይሠራል። በ1960ዎቹ ሐኪሞች የዚህን በሽታ ምልክት ለረጅም ጊዜ በሠሩ የስኳር እርሻው ሠራተኞች ላይ ማየት ጀመሩ። ቀጥ ብለው መጥተው ሸንኮራ ሲቆርጡ የኖሩ ሰዎች ጎብጠው ወደ ሐኪም ቀረቡ። ከዚያ በኋላ ጉዳዩን በሰፊው ያጠኑት የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ጥናት፣ ከተወለዱ ጀምሮ በስምጥ ሸለቆ ከኖሩትና ከተመረመሩት ሕፃናት ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ጥርሳቸው በፍሎራይድ ተጎድቶ መገኘቱን አስታውቀዋል።

«በዚያን ጊዜ ማን ያውቅ ነበር?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን አያጽናናም። ጥርስን የሚያበልዘው በውኃ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ መሆኑ በአሜሪካ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1931 ነበር። በ1937 ደግሞ በሕንድ፣ በማድራስ ግዛት ሐኪሞች የሚጠጣ ውኃ አጥንትን እንዴት እንደሚያሽመደምድ ጽፈው አሳትመዋል። ይህ እንግዲህ ወንጂ የመጀመሪያውን ስኳር ከማውጣቷ ከአሥራ ስድስት ዓመት በላይ አስቀድሞ ነው። ኩባንያው ሆን ብሎ ሰው መረዘ የሚል ክስ የለኝም። የምለው አንድ ነገር ነው፤ ዕውቀቱ በዓለም ላይ ነበረ፤ ላቦራቶሪውም በግቢው ውስጥ ነበረ። የጎደለው ጥያቄው ነው። ጥያቄው የጎደለው ደግሞ የሠራተኛው አጥንት በትርፍና ኪሣራ ሒሳብ ውስጥ መደብ ስላልነበረው ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። የሒሳብ መዝገብ በየዓመቱ ይዘጋል። የፍሎራይድ ዕዳ ግን የሚጠየቀው ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ነው። በየዓመቱ የሚዘጋ መዝገብ በአሥራ አምስተኛው ዓመት የሚመጣውን ዕዳ አያይም። ስለዚህ መዝገቡ ሳይዋሽ ያሳስታል።

ባለቤቱ ተቀየረ፣ ቁናው ግን ያው ነው

በ1967 ዓ.ም. ደርግ ትልልቆቹን ድርጅቶች ሲወርስ ወንጂም የመንግሥት ሆነች። የውጭ ከበርቴ ሄደ፤ «ሰፊው ሕዝብ» ባለቤት ተባለ። ሪፖርቱስ? ሪፖርቱ እንደ ቀድሞው በኩንታል ሆነ። ትርፍ ይባል የነበረው ዕቅድና ኮታ ተባለ እንጂ የስኬት መለኪያው ከከረጢቱ አልወጣም። ክርክራችን ሁሉ «የማን ይሁን?» በሚለው ላይ ነበር። «በምን እንለካው?» የሚለውን ግን ግራውም ቀኙም አላነሣውም። አጥንት የቀጣሪውን ርዕዮተ ዓለም አይጠይቅም፤ የሚቆጥረው በሊትር ውስጥ ያለውን ሚሊ ግራም ነው።

በኋላ ጊዜ ችግሩ ግልጽ ሲሆን የውኃ ማጣሪያዎች ተተከሉ። በስምጥ ሸለቆ ፍሎራይድን ለማጣራት ከሚያገለግሉት ዘዴዎች አንዱ በከሰለ የእንስሳት አጥንት ውስጥ ውኃውን ማሳለፍ ነው። የሰውን አጥንት ለማዳን የከብት አጥንት! ማጣሪያው ገና ለሚወለደው ልጅ ጥርስ ይደርሳል። አንዴ የጎበጠን ጀርባ ግን አያቃናም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለዚህ ነበር።

አጥሩ የት ላይ ያበቃል?

እስካሁን የተነጋገርነው ከግቢው ውስጥ ስላለው ሰው ነው። ከአጥሩ ውጭ ያለውስ? የወንጂ ሜዳ ሸንኮራ ሳይተከልበት በፊት ጠፍ መሬት አልነበረም፤ የጅሌ ኦሮሞዎች ከብቶቻቸውን የሚያሰማሩበት ነበር። በመተሐራም የከረዩ ኦሮሞዎች በበጋ የሚሸሹበትን የአዋሽ ዳር ግጦሽ ከፊሉን ለሸንኮራ፣ ከፊሉን ለአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ለቀቁ። ወደ ታች በተንዳሆ የጥጥ እርሻ ሲስፋፋ የአፋር አርብቶ አደር ተመሳሳይ ዕጣ ገጠመው። አርብቶ አደር ዓመቱን ሙሉ በወንዝ ዳር አይውልም። ስለዚህ በጥቅምት ለሄደ ባለሙያ መሬቱ ባዶ ይመስላል። ነገር ግን ያች ጠባብ ለምለም መሬት የክፉ ቀን መጠባበቂያው ናት። በ1960ዎቹ አጋማሽ ድርቅ ሲመጣ መጠባበቂያው አልነበረም። ጥጡ በሽያጭ ሒሳብ ውስጥ ገባ፤ ያለቀው ከብትና ያለቀው ሰው በማንም ድርጅት ሒሳብ ውስጥ አልገባም።

በመተሐራ ሌላም ምስክር አለ። የበሰቃ ሐይቅ በ1950ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረ ኩሬ ነው። ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። መንገድና ሐዲድ አስለቅቋል፤ ጨዋማ ውኃው ወደ ሸንኮራ እርሻው ተጠግቷል። አንዳንድ ባለሙያዎች ምክንያቱ ከመስኖ የተረፈው ውኃ ነው ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ከመሬት በታች ያሉትን ፍል ውኃዎች ያነሣሉ። ክርክሩ ይህን ያህል የረዘመበት አንዱ ምክንያት ከመጀመሪያው አንሥቶ ወደ ማሳው የገባው እንጂ ከማሳው የወጣው ውኃ በወጉ ስላልተመዘገበ ይመስለኛል።

ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ስለ ወንጂ ሸዋ እርሻ ታሪክ በጻፉት ጥናት ርዕስ ላይ «አካባቢ» እና «ካፒታል» የሚሉትን ሁለት ቃላት ጎን ለጎን አስቀምጠዋቸዋል። በሪፖርቶቻችን ውስጥ ግን ሁለቱ ተያይተው አያውቁም።

እንግዲህ ምን ይለካ?

«ካላተረፈ ደመወዝ ከየት ይመጣል? ድርጅት የጽድቅ ማኅበር አይደለም» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ልክ ናቸው። የከሠረ ፋብሪካ ውኃም አያጣራም። እኔ ትርፍ አይለካ አላልኩም። ትርፍ ለድርጅት እንደ ትንፋሽ ነው፤ ትንፋሽ የሌለው አይኖርም። ይሁንና አንድ ሰው በሕይወት ዘመኑ ምን ሠራ ተብሎ ሲጠየቅ «ተነፈሰ» አይባልለትም።

ሕጉ እንኳ ከልማዳችን ቀድሞ ሄዷል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ላይ ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ መንግሥት በሚያካሂዳቸው ፕሮግራሞች የተፈናቀሉ ሰዎችም ካሣ እንዲያገኙ ያዛል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 299 ደግሞ ፕሮጀክት ከመጀመሩ በፊት በአካባቢ ላይ የሚያስከትለው ተጽዕኖ እንዲገመገም ያስገድዳል። መልካም ነው። ሆኖም ግምገማው በዋናው ትንቢት ነው፤ ከሥራው በፊት ይጻፋል። ታሪክ የሚነግረን ግን ዕዳው የሚመጣው ሪባኑ ከተቆረጠ፣ አጨብጫቢው ከተበተነ ከብዙ ዓመታት በኋላ መሆኑን ነው።

ስለዚህ እኔ ሥልጣን ቢኖረኝ በአዋሽ ሸለቆ ያለ ማንኛውም ድርጅት ከትርፉ ቀድሞ ሦስት ነገሮችን እንዲያነብልኝ እጠይቅ ነበር። አንደኛ፣ በመንደሩ ተወልደው አሥር ዓመት የሞላቸው ልጆች ጥርስ ዘንድሮ ምን ይመስላል? ሁለተኛ፣ ወደ እርሻው የገባው ውኃ ምን ያህል ነው? ሲወጣስ ስንት ሆኖ፣ ምን ተሸክሞ ወጣ? ሦስተኛ፣ መሬቱን የለቀቁት ሰዎች ከብቶቻቸውን በዚህ በጋ የት አዋሉ? ሦስቱም ይቆጠራሉ፤ ረቂቅ ፍልስፍና የለባቸውም። የሚለካቸው ደግሞ ድርጅቱ ብቻውን መሆን የለበትም፤ ነጋዴ የራሱን ቁና ራሱ አይፈትሽምና።

አሮጌዎቹ የወንጂና የሸዋ ፋብሪካዎች ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ተዘግተው በአዲስና በትልቅ ፋብሪካ ተተክተዋል። ሚዛኑም በዚያው መጠን አድጎ ይሆናል። አጥንታቸው ውስጥ የወንጂን ጉድጓድ የተሸከሙ ሰዎች ግን በአዲስ አልተተኩም። ከነሱ ብዙዎቹ አልፈዋል፤ የቀሩት ከዘራ ይዘው በር ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። እነሱ በጉልበታቸው የሞሉት ከረጢት ስንት ኩንታል እንደነበረ በየዓመቱ ተጽፏል።

የዚያ አዳራሽ ሽማግሌ ጥያቄ ዛሬም አጀንዳ ውስጥ አልገባም ይሆናል። በሰፈሩት ቁና መሰፈር ግን አይቀርም።