ዘይላዕ፦ ሙሳፊር ይዞት የሄደው ስም



ጫንጮ ላይ ተቀምጦ ስለ ባሕር ወደብ ማውራት ምን አመጣው ትሉን ይሆናል። እውነት ነው፤ ከተማችን ደጋ ናት፣ ባሕሩም ሩቅ ነው። ነገር ግን የሐነፊን ፊቅህ የቀራ ደረሳ «ዘይለዒይ» የሚለውን ስም ሳይሰማ አይቀርም። ይህ ስም የአንዲት ወደብ ስም ነው። የዛሬው ወጋችንም ስለ እርሷ ነው።

ዘይላዕ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ዳር፣ በሶማሌላንድ፣ ለጅቡቲ ድንበር ቀረብ ብላ የምትገኝ ጥንታዊት ከተማ ናት። ከሐረርና ከመሃል አገር የሚወርዱ የሲራራ ነጋዴዎች ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ቆዳ በግመል ጭነው ይገቡባት ነበር። ከየመንና ከሕንድ የሚመጡ ጀልባዎች ደግሞ ጨርቅና ቴምር ያራግፉባታል። በዚያ ጠረፍ ገበያን የሚያቆመውም የሚበትነውም ነፋስ ነበር። በጎረቤቷ በበርበራ ገበያው ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ገደማ ደምቆ ይሰነብትና ነፋሱ ሲለወጥ ሰዉ ሁሉ ይበተናል፤ የባሕሩ ዳርም ጭር ይላል።

እንግዳ የሚስተናገድበትም ሥርዓት ነበር። ወደ ሶማሌ ጠረፍ የመጣ ነጋዴ ከአገሬው ሰው አንድ «አባን» ይይዛል። አባኑ አስተርጓሚውም፣ ደላላውም፣ ጠባቂውም ነው። እንግዳውን የነካ አባኑን ነካ፤ አባኑን የነካ ደግሞ ጎሳውን ነካ ማለት ነበር። ይሁን እንጂ ታሪክን ስናወራ የሚያምረውን ብቻ መርጠን አናወራም። በዚያው ወደብ የሰው ልጅም እንደ ዕቃ እየተሸጠ ባሕር ተሻግሯል።

በ14ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ዝነኛው ተጓዥ ኢብኑ በጡጣ ዘይላዕ ደረሰ። ታላቅ ገበያ ያላት ትልቅ ከተማ መሆኗን መስክሯል። ነገር ግን የዓሣው ብዛትና በየመንገዱ የሚታረደው የግመል ደም ሽታ አስመረረው። ባሕሩ እየተናወጠ እንኳ ከተማዋ ውስጥ ከማደር መርከቡ ላይ ማደርን መረጠ። አንድ ሙሳፊር ያየውን ጻፈ፤ ይኸው 700 ዓመት ሊሞላው ሲቃረብም ያ ሽታ ይነገራል።

በዚያው ዘመን ግን ሌሎች ሙሳፊሮች ስሟን በሌላ መንገድ አስጠርተዋል። ፈኽሩዲን አዝ-ዘይለዒይ ካይሮ ገብተው አስተማሩ፤ «ተብዪኑል ሐቃኢቅ» የተባለውን ኪታብ ጽፈው በ743 ዓመተ ሒጅራ እዚያው አረፉ። ከእርሳቸው የቀሩት ጀማሉዲን አዝ-ዘይለዒይም በ762 ዓመተ ሒጅራ ካይሮ ውስጥ አረፉ። የሒዳያን ሐዲሶች መርምረው ያሰናዱት «ነስቡ ራያ» ዛሬም የዑለማእ መመለሻ ነው። በዘመኑ የኖረው ጸሐፊ አል-ዑመሪ እንደመዘገበው፣ እንደ ኢፋት፣ ሐድያና ባሌ ያሉት የሐበሻ ሙስሊም ግዛቶች በሙሉ በግብጽና በሻም «የዘይላዕ አገር» ይባሉ ነበር። ባሕር አይቶ የማያውቅ ደገኛ እንኳ የሚጠራው በወደቧ ስም ነበር ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ዘይላዕ ብዙ አየች። በ1517 እ.ኤ.አ. ፖርቹጋሎች አቃጠሏት። እንደገና ቆማ፣ በ1854 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው በርተን ወደ ሐረር የተነሳው ከእርሷ ነበር። የሲራራውን መንገድ የነጠቃት ግን ባቡር ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ፣ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ሲገባ ንግዱ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ዛሬ ዘይላዕ ትንሽ ከተማ ናት። ሁለት ሚሕራብ ያለው የመስጂደል ቂብለተይን ፍርስራሽ ያለፈውን ዘመኗን ያስታውሳል።

ውድ አድማጮች፣ ገበያው አልፏል፤ ግንቡ ፈርሷል። የቀረው ሙሳፊር ይዞት የሄደው ነገር ነው፦ በአንድ በኩል የኢብኑ በጡጣ ምሬት፣ በሌላ በኩል የዓሊሞቹ ስም።

ጫንጮም በጎጃም መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከአባይ ማዶ የሚመጣውና ወደዚያ የሚሄደው በፊታችን ያልፋል። ይህም የእኛ ባሕር ዳር ነው። መንገደኛው፣ ኢብኑ ሰቢል፣ ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች አንዱ መሆኑን እናውቃለን። ታዲያ ከመኪና ወርዶ የውዱእ ውኃ ቢፈልግ ማን ያሳየዋል? ዋጋ ቢጠይቅ የአገሬው ዋጋ ይነገረዋል ወይስ የእንግዳ? የሚያልፍበት ደጃፍስ ንጹሕ ነው? ልጆቻችንንስ ለዒልም ስንልክ የከተማችንን ስም በምን እንዲያስጠሩ አሰናድተናቸዋል?

ሙሳፊሩ የሰጠነውን ይዞ ይሄዳል። አላህ መልካሙን ስም የምናስይዝ ያድርገን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።